ዕቃው ሲለወጥ አደራው፦ የኮምፒዩተር ዲስክ ታሪክ ከጋምቤላ ሲታይ

በአሮጌ የቤት ኮምፒዩተር ውስጥ ያለውን የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አውጥቶ በምትኩ ሶሊድ ስቴት ድራይቭ፣ በአጭሩ ኤስ ኤስ ዲ የሚባለውን ዕቃ ስለማስገባት አንድ ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንዳቀርብ የዚህ ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች በጠየቁኝ ጊዜ፣ ጉዳዩ ለታሪክ ጽሑፍ የሚበቃ መስሎ አልታየኝም ነበር። ሥራው በውጭ ሲታይ ቀላል ነው። ካቻቢቴ ይዞ ጥቂት ብሎኖችን መፍታት፣ አንዱን ዕቃ ነቅሎ ሌላውን መሰካት፣ ክዳኑንም መልሶ መግጠም ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በጋምቤላ ከተማ አንድ ወጣት የጥገና ባለሙያ ቡና ተቆልቶ እስኪፈላ በሚወስደው ጊዜ ውስጥ ሊጨርሰው ይችላል።

ይሁን እንጂ ነገሩን እያብላላሁት በሄድሁ መጠን ቀላልነቱ የላይ ላዩ ብቻ መሆኑን ተረዳሁ። ዲስክ የኮምፒዩተር ግምጃ ቤት ነው። ግምጃ ቤት በሚለወጥበት ዕለት ደግሞ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ ምን ነበረበት? ምን ተሻገረ? ምንስ ቀረ? እነዚህ ጥያቄዎች ለማንኛውም አገርና ለማንኛውም ሰው ተገቢ ናቸው። የጋምቤላን ያህል ግን የሚከብዱበት አካባቢ ጥቂት ይመስለኛል። ምክንያቱም የአካባቢው የጽሑፍ ትዝታ ከጥንት ጀምሮ ሲቀመጥ የኖረው በሌላ ሰው ግምጃ ቤት ነው። ዛሬ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ በአካባቢው ሰው ቤት፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ኮምፒዩተር ውስጥ መከማቸት ጀምሯል። ይህ ጽሑፍ ሊናገር የተነሣው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የዲስክ ለውጥ ከሁሉ አስቀድሞ የአደራ ማስተላለፍ ሥራ መሆኑን ነው።

የባሮ መርከቦችና አብረው የሄዱት መዛግብት

ጋምቤላ ከተማ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ አኝዋዎች ኦፔኖ በሚሉት በባሮ ወንዝ ዳር ትገኛለች። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተዋዋሉት የድንበር ውል አራተኛ አንቀጽ፣ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር ስፋቱ ከ400 ሄክታር፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱም ከ2000 ሜትር ያልበለጠ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥና የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ተፈቀደ። ጣቢያው በመጨረሻ የቆመው ግን ከኢታንግ ወደ ላይ ከፍ ብሎ በጋምቤላ ነበር።

ከዚያም በኋላ ክረምት ገብቶ ባሮ በሞላ ቁጥር ከካርቱም የተነሡ የእንፋሎት መርከቦች በነጭ ዓባይና በሶባት ወንዝ በኩል እየመጡ ጨውና ጨርቅ ያራግፉ፣ ከጎሬና ከአካባቢው ደጋ በበቅሎና በሰው ሸክም የወረደውን ቡና እየጫኑ ይመለሱ ነበር። ወንዙ ሲጎድል የመርከቡም ጉዞ ያበቃል። ይህ የንግድ ታሪክ በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀ ነው። ብዙ የማይነገረው፣ መርከቦቹ ይዘው የሚሄዱት ቡናውን ብቻ አለመሆኑ ነው። ጣቢያውን የሚያስተዳድረው የሱዳን መንግሥት ሹም በመሆኑ፣ የሚጻፈው ሪፖርት፣ የሚቆጠረው ጭነት፣ ስለ አካባቢው ሕዝብ የሚሰበሰበው ወሬ ሁሉ መንገዱ ወደ ካርቱም ነበር። ከዚያም ከፊሉ ወደ ለንደን ያልፍ ነበር።

በዚህም ምክንያት ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የኢትዮጵያንና የሱዳንን የምዕራብ ድንበር ግንኙነት የሚመረምረውን የዶክትሬት ጽሑፋቸውን እ.ኤ.አ. በ1976 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ሲያቀርቡ፣ ስለ ጋምቤላ ለመጻፍ ከጋምቤላ ርቆ የተቀመጠውን ሰነድ ማገላበጥ ግድ ሆኖባቸዋል። የእንግሊዙ የሰው ልጅ ጥናት ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድም ስለ አኝዋ የፖለቲካ ሥርዓት የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1940 የታተመው በለንደን ነው። የኪራዩ ውል የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነበርና፣ ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃነቷን ስታውጅ የጣቢያው ዘመን አበቃ። መሬቱ በባለቤቱ እጅ ቀረ፤ መዝገቡ ግን እንደ ሄደ ነው። ካርቱምም ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የጦርነት አውድማ ሆና ብሔራዊ ሙዚየሟ ሲዘረፍ ዓለም ሁሉ አይቷል። በአንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ትዝታ ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

አንባቢው «ይህ ሁሉ ከኮምፒዩተር ዲስክ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። የሚያገናኘው የማስቀመጫው ጉዳይ ነው። መዝገብ የሚኖረው ማስቀመጫው እስከኖረ ድረስ ነው፤ ማስቀመጫው በተለወጠ ቁጥርም ተሸክሞ የሚያሻግረው ሰው ካላገኘ መንገድ ላይ ይቀራል። ይህን ይዘን አሁን ወደ ዲስኩ ታሪክ እንለፍ።

አንድ ቶን የሚመዝነው ግምጃ ቤት

የዛሬው ሃርድ ዲስክ አያት ቅድመ አያት ተብሎ ሊጠቀስ የሚችለው፣ አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ራማክ ከተባለው ኮምፒዩተሩ ጋር ለገበያ ያቀረበው መሣሪያ ነው። ስፋታቸው 24 ኢንች የሆነ 50 ክብ ሳህኖች በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረው ይሽከረከራሉ፤ መሣሪያውም አንድ ቶን ያህል ይመዝናል። ይህን ሁሉ አካል ይዞ የሚያከማቸው አምስት ሚሊዮን ፊደላትን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ ሲጌት የተባለው ኩባንያ አምስት ሜጋ ባይት የሚይዝ፣ በጠረጴዛ ላይ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚገባ ትንሽ ዲስክ አወጣ። ኮምፒዩተር ከትልቅ መሥሪያ ቤት ወጥቶ ወደ ግለሰብ ቤት እንዲገባ መንገድ ከጠረጉት ዕቃዎች አንዱ ይህ ነው።

መጠኑ ይነስ እንጂ አሠራሩ ከራማክ ጊዜ ጀምሮ በመሠረቱ አልተለወጠም። ማግኔታዊ ቅብ ያለው ሳህን በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይሽከረከራል። በላዩ ላይ አንዲት ጥቃቅን አንባቢ ክንድ እየተመላለሰች የተጻፈውን ታነባለች፤ አዲሱንም ትጽፋለች። በክንዷ ጫፍና በሳህኑ መካከል ያለው ክፍተት ከሰው ፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጅ ያነሰ ነው። ክንዷ ሳህኑን ከነካች የተነካው ቦታ ይፋቃል፤ በቦታው የተጻፈውም አብሮ ይጠፋል። እንግዲህ ሃርድ ዲስክ ስንል በቤታችን ውስጥ ያለማቋረጥ የሚሽከረከር ስስ ማሽን ማለታችን ነው።

ኮምፒዩተር ወደ ባሮ ዳር ሲደርስ

በአገራችን ኮምፒዩተር ለረጅም ጊዜ የአዲስ አበባ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ዕቃ ሆኖ ኖሯል። ጋምቤላ በኮምፒዩተር ውስጥ የገባችው ኮምፒዩተር ወደ ጋምቤላ ከመግባቱ በፊት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. በተጀመረው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 181,862 ተብሎ ሲመዘገብ፣ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደግሞ 307,096 ሲደርስ፣ ቁጥሩ የተጠናቀረውና የተቀመጠው በመዲናይቱ ነበር። የመርከቡ ዘመን ልማድ መልኩን ቀይሮ ቀጠለ ማለት ነው፤ መዝገቡ አሁንም ወደ ሩቅ ይሄዳል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ጋምቤላን ከፌዴሬሽኑ አባል ክልሎች አንዱ ካደረገ ወዲህ የክልሉ ቢሮዎች የራሳቸው የጽሑፍ ሥራ በዛላቸው። በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት በአገሪቱ አገልግሎት መስጠት ጀመረ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳ ኔት የተባለው መርሐ ግብር የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን በሳተላይት ማገናኘት ያዘ። በዚህ ሁሉ መካከል ኮምፒዩተር ከቢሮ ወደ ቤት እየገባ ሄደ። መምህሩ የፈተና ጥያቄውን፣ ነጋዴው ሒሳቡን፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዩ የመዝሙር ትርጉሙን፣ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን በቤቱ ኮምፒዩተር ያስቀምጥ ጀመር።

ከዚህ ላይ ለሙያ ባልደረቦቼ አንድ የተለየ ነገር ላስታውስ። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መመዝገቢያ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የአማርኛ ጽሑፍ ይሠራ የነበረው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የፊደል አቀማመጥ ባላቸው ፕሮግራሞች ነው። በእነዚህ የተጻፈ ሰነድ የፊደል ቅርጹ ወደሌለበት አዲስ ኮምፒዩተር ሲዛወር ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። አኝዋኛና ኑዌርኛ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ቢሆንም፣ ከተለመዱት ውጭ የሆኑ ልዩ ሆሄያት ስላሏቸው በዚያው ዘመን በተበጁ ፊደሎች የተጻፉ ሰነዶቻቸው ተመሳሳይ ዕጣ ይገጥማቸዋል። እንግዲህ በዲስክ ለውጥ ጊዜ የሚሻገረው ሰነዱ ብቻ ሳይሆን የሚነበብበት ፊደልም ጭምር ሊሆን ይገባል።

ሙቀት፣ አቧራና የመብራት መቆራረጥ

ሃርድ ዲስክ የሚወደው ቀዝቃዛ ክፍል፣ ንጹሕ አየርና የማይዋዥቅ መብራት ነው። ጋምቤላ ሦስቱንም እንደ ልብ የምትሰጥ ከተማ አይደለችም። በየካቲትና በመጋቢት ቀትር ላይ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል፤ አንዳንዴም ያልፈዋል። አብዛኛው የሃርድ ዲስክ ዓይነት የተሠራው እስከ 60 ዲግሪ ድረስ እንዲችል ነው። ክፍሉ ራሱ 40 ዲግሪ ሲሆን ግን በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ ያለው ሙቀት ወደዚያ ወሰን ለመድረስ ብዙ አይቀረውም። አቧራው ወደ ዲስኩ ውስጥ በቀጥታ አይገባም፤ ማጣሪያ አለው። ነገር ግን የማቀዝቀዣውን ቬንትሌተር ያንቀዋል፤ የታነቀ ቬንትሌተር ደግሞ ሙቀቱን ያባብሳል። በክረምት በኩል ባሮ ሞልቶ ሲወጣ፣ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ እንደታየው፣ ጎርፉ እስከ ቤት ደጃፍና ከዚያም አልፎ ይገባል።

መብራቱም እንደዚሁ ነው። ከተማዋ ለብዙ ዘመን በናፍጣ ጄኔሬተር ስትገለገል ኖራ ኋላ ወደ ብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ ብትገባም፣ የመብራት መቆራረጥ በሥራ ላይ ያለን ዲስክ ሳይታሰብ የሚያስቆም የዘወትር እንግዳ ነው። እንዲህ በድንገት ሲቆም በመጻፍ ላይ የነበረው ፋይል ይበላሻል፤ ነገሩ ሲደጋገምም በሳህኑ ላይ የማይነበቡ ቦታዎች ይፈጠራሉ። በዚህ ዓይነት ኑሮ ያረጀ ኮምፒዩተር ጠዋት ተከፍቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። ባለቤቱም «ይህ ኮምፒዩተር አርጅቷል፤ ሌላ መግዛት አለብኝ» ይላል። ብዙውን ጊዜ ያረጀው ግን ኮምፒዩተሩ ሳይሆን ዲስኩ ብቻ ነው።

የማይንቀሳቀሰው ዲስክ

ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ የመጣው ዕቃ ታሪኩ ከብዙዎች ግምት ይልቅ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ዳዎን ካንግና ሳይመን ዚ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በመከላከያ ሽፋን የተከበበች ጥቃቅን የብረት ክፍል ኤሌክትሮኖችን አግታ ማቆየት እንደምትችል አሳዩ። መብራቱ ቢጠፋም የታገቱት ኤሌክትሮኖች በቦታቸው ይቆያሉ፤ መኖራቸውና አለመኖራቸው እንደ አንድና እንደ ዜሮ ይነበባል። በጃፓኑ ቶሺባ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ፉጂዮ ማሱኦካ ይህን ሐሳብ ተመርኩዘው ፍላሽ የተባለውን ማኅደረ ትውስታ ፈጠሩ። ኖር የሚባለውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1984፣ ዛሬ በየዲስኩ ውስጥ የሚገኘውን ናንድ የሚባለውን ደግሞ በ1987 ለዓለም አስተዋወቁ። ስሙን ያወጣለት አንድ ባልደረባቸው ሲሆን፣ የተጻፈውን በአንድ ጊዜ ጠራርጎ የሚያጠፋበት መንገድ የፎቶግራፍ ማንሻ ብልጭታን ስላስታወሰው ነው ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1991 ሰንዲስክ፣ ኋላ ሳንዲስክ የተባለው ኩባንያ፣ በፍላሽ የተሠራ የኮምፒዩተር ዲስክ አቀረበ። የሚይዘው 20 ሜጋ ባይት ሲሆን ዋጋው ወደ 1000 የአሜሪካ ዶላር ነበር። በዚህ ዋጋ ማንም የቤት ኮምፒዩተር ባለቤት ሊያስበው አይችልም ነበር። ዋጋው ለተራ ሰው እስኪቀርብ ድረስ ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ። ዛሬ የእጅ መዳፍ የማያህል፣ 256 ጊጋ ባይት የሚይዝ ኤስ ኤስ ዲ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ከወጣው ከዚያ ትንሽ ዲስክ ከ50 ሺህ ጊዜ በላይ ይይዛል።

ጥቅሙ ከምን እንደሚመጣ በቀላሉ መረዳት ይቻላል። ሃርድ ዲስክ አንድ ፋይል ሲፈልግ ክንዱን አንቀሳቅሶ፣ ሳህኑ ዞሮ እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ ይህም በእያንዳንዱ ፍለጋ ከሴኮንድ አንድ መቶኛ ያህል ይወስድበታል። ኤስ ኤስ ዲ የሚጠብቀው ክንድም ሳህንም ስለሌለ ያንኑ ሥራ መቶ ጊዜ ያህል አፍጥኖ ይሠራዋል። ኮምፒዩተር ሲከፈት በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች ስለሚፈለጉ፣ ብዙ ደቂቃ ይፈጅ የነበረው መነሣት ከግማሽ ደቂቃ በታች ይሆናል። በመንገድ መንገጫገጭ አይጎዳም። ብዙዎቹ እስከ 70 ዲግሪ ሙቀት ይችላሉ። የሚበሉት የኤሌክትሪክ ኃይልም በአብዛኛው አነስተኛ በመሆኑ የላፕቶፕ ባትሪ ሊቆይ ይችላል። ይህ ደግሞ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ቀላል ነገር አይደለም። ሳታ የሚባለው ማገናኛ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ እየተስፋፋ ስለመጣ፣ ከዚያ በኋላ የተሠራ አሮጌ ኮምፒዩተር ሁሉ ማለት ይቻላል አዲሱን ዲስክ ይቀበላል።

በእርግጥ አዲስ ዲስክ አሮጌውን ፕሮሰሰር ወጣት አያደርገውም። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ ሲቋረጥ፣ ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ዲስካቸው ቢለወጥም ዊንዶውስ 11ን የማይቀበሉ ሆነው ቀርተዋል። ለእነዚህ ሊኑክስን መጫን አንዱ አማራጭ ነው። ይህም ሆኖ አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት ለማይችል ቤተሰብ ከዲስክ ለውጥ የሚሻል እርምጃ በአሁኑ ጊዜ አይታየኝም።

አዲሱም ደካማ ጎን አለው

የሙያ ሰው ግን የአንድን ዕቃ በጎነት ብቻ ተናግሮ ዝም ሊል አይገባውም። አሮጌው ዲስክ ከመሞቱ በፊት ያቃስታል፤ ይንኳኳል፤ ይዘገያል። ጆሮ ያለው ባለቤት ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ ሰነዱን ያተርፋል። ኤስ ኤስ ዲ ድምፅ የለውም፤ ትናንት ደኅና የነበረው ዛሬ ጠዋት ጭራሽ አልታይ ሊል ይችላል። በሃርድ ዲስክ ላይ በስሕተት የጠፋ ፋይል ብዙ ጊዜ ተፈልጎ ይገኛል፤ በኤስ ኤስ ዲ ላይ የጠፋ ፋይል ግን ዲስኩ ራሱ ቦታውን ለአዲስ ጽሑፍ ስለሚያጸዳው መልሶ ማግኘቱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋም በመጻፍ ላይ የነበረው መጎዳቱ አይቀርም።

ከሁሉ ይልቅ ለጋምቤላ ሰው መነገር ያለበት የሙቀት ነገር ነው። የታገቱት ኤሌክትሮኖች ለዘለዓለም አይታገቱም፤ ቀስ በቀስ ያመልጣሉ፤ ሙቀት ደግሞ ማምለጫውን ያፋጥናል። ጄዴክ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ደረጃ አውጪ ድርጅት ለቤት ኮምፒዩተር ዲስክ ያስቀመጠው መለኪያ፣ የመጻፍ ዕድሜውን የጨረሰ ኤስ ኤስ ዲ መብራት ሳያገኝ በ30 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ዓመት የያዘውን እንዲጠብቅ ነው። ሙቀቱ ከዚያ ሲበልጥ ጊዜው ያጥራል። ብዙ ያልተጻፈበት አዲስ ዲስክ ከዚህ እጅግ የረዘመ ጊዜ እንደሚቆይ የታወቀ ነው። ሆኖም ያገለገለ ኤስ ኤስ ዲ ላይ ሰነድ ሞልቶ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ ሣጥን ውስጥ ቆልፎ፣ ከዓመታት በኋላ እንደነበረ አገኘዋለሁ ማለት የተሳሳተ ተስፋ ነው። ይህ ዕቃ ለሥራ እንጂ ለማኅደር የተሠራ አይደለም።

አንድ የጠፋ ቅጂ

ከዚህ ቀጥሎ የማወሳው የራሴን ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጋምቤላ በቆየሁበት ጊዜ አንድ የማውቃቸው አኝዋ መምህር ላፕቶፓቸው እጅግ ስለዘገየባቸው ዲስኩን እንድለውጥላቸው ጠየቁኝ። እርሳቸው ለሥራ ወደ ወረዳ ሄደው ስለነበር ሥራውን ብቻዬን ሠራሁት። ዊንዶውሱንና የተለመዱትን የሰነድ ማኅደሮች ወደ አዲሱ ዲስክ አዛወርሁ፤ ኮምፒዩተሩም እንደ አዲስ ሆነ። አሮጌውን ዲስክ አጽድቼ፣ ማገናኛ ገዝቼለት፣ ለሰፈር ተማሪ በስጦታ ሰጠሁት። መልካም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

መምህሩ ተመልሰው ኮምፒዩተሩን ሲከፍቱ በፍጥነቱ ተደሰቱ። ጥቂት ቆይተው ግን «ያ ሌላው ክፍል የት አለ?» አሉኝ። አሮጌው ዲስክ ለሁለት የተከፈለ ነበር። በሁለተኛው ክፍል ውስጥ መምህሩ በስልክ ቀድተው ያስቀመጡት የአባታቸው ድምፅ ነበር። አዛውንቱ በአኝዋኛ ስለ መንደር አለቆች፣ ስለ ወንዙ፣ ለጥሎሽ ስለሚሰጠው ዲሙይ ስለተባለው የጥንት ጨሌ፣ ጨሌውም ከየትኛው ቤተሰብ ወደ የትኛው እንደተላለፈ የተናገሩት ነው። እኔ ያን ክፍል አላየሁትም፤ አልጠየቅሁምም። ወደ ተማሪው ሮጬ ብሄድ ዲስኩ በፊልምና በዘፈን ተሞልቷል።

መምህሩ አልተቆጡኝም። «አባቴ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው» ብለው ዝም አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን ባሰብሁ ቁጥር የሚያስገርመኝ፣ በዚያ ቅጂ ውስጥ የተነገረው ራሱ ስለ አደራ መሆኑ ነው። ዲሙይ በጽሑፍ ሳይመዘገብ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ኖሯል፤ ማን ለማን እንደሰጠ የሚያስታውስ ሰው ስላለ አልጠፋም። እኔ ግን መሣሪያና ዕውቀት ይዤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሰንሰለቱን በጠስሁት።

ስለዚህ ምን ይደረግ?

ከዚህ ታሪክና ከዚህ ጥፋት የተማርሁትን በአጭሩ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ብሎን ከመፈታቱ በፊት ባለቤቱ በአጠገብ ይቀመጥ፤ በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ፣ ክፍልፋዮቹ ጭምር፣ አንድ በአንድ ተገልጦ ይታይ። ሁለተኛ፣ አሮጌውን ዲስክ እንዳለ ሙሉ በሙሉ መገልበጥ መርጦ ከማዛወር ይሻላል፤ የቀድሞዎቹ የፊደል ዓይነቶችም አብረው ይሻገሩ። ሦስተኛ፣ ከተሻገረ በኋላ ፋይሎቹ ተከፍተው ይነበቡ፤ ድምፁም ይደመጥ። የፋይሉ ስም መታየቱ ብቻ በቂ ማስረጃ አይደለም። አራተኛ፣ አሮጌው ዲስክ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ቀኑና የባለቤቱ ስም ተጽፎበት፣ ከጎርፍና ከሙቀት በራቀ ቦታ ይቀመጥ፤ ከዚያ በፊት አይደምሰስ፤ ለማንም አይሰጥ። አምስተኛ፣ የማይተካ ነገር በሁለት ዓይነት ዕቃና በሁለት የተለያዩ ከተሞች ይኑር፤ በዓመት አንድ ጊዜም መብራት አግኝቶ ይፈተሽ። ገበያ ላይ ከተጻፈባቸው መጠን እጅግ ያነሰ የሚይዙ አስመሳይ ዲስኮች ስለሚገኙም፣ አዲሱ ዲስክ አደራ ከመቀበሉ በፊት ሞልቶ መሞከር አለበት።

እነዚህ እርምጃዎች ከግማሽ ቀን የበለጠ ጊዜ አይጠይቁም። ነገር ግን በተራ የጥገና ሥራና በአደራ ሥራ መካከል ያለው ልዩነት ያለው በእነርሱ ላይ ነው። የማኅበራችን አባላት በየክልሉ ስንሠራ ብዙውን ጊዜ የምንመዘነው ኮምፒዩተሩ ምን ያህል ፈጠነ በሚል ነው። እኔ በበኩሌ መለኪያው ሌላ እንዲሆን እመኛለሁ፤ ባለቤቱ ከለውጡ በኋላ ያጣው ነገር አለ ወይስ የለም?

የባሮ መርከቦች ከቆሙ ብዙ ዓመት ሆናቸው። በእነርሱ ተጭኖ የሄደውን መዝገብ ዛሬ እኛ መመለስ አንችልም፤ የጋምቤላን ታሪክ የሚያጠና ሰው አሁንም ባሕር ማዶ ይሻገራል። በአሁኑ ጊዜ ግን የአኝዋ፣ የኑዌር፣ የመዠንግር፣ የኦፖና የኮሞ ልጆች የአባቶቻቸውን ቃል በገዛ ድምፃቸው ቀድተው በገዛ ቤታቸው እያስቀመጡ ነው። ይህ ትዝታ በመርከብ አይወሰድም፤ በጦርነት ባይነካም እንኳ በአንድ ባለሙያ ቸልተኝነት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጠፋ ይችላል። አበው «አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር» ይላሉ። ዕቃው ይለወጥ፤ መለወጡም መልካም ነው። አደራው ግን ከአሮጌው ዕቃ ጋር እንዳይጣል፣ ካቻቢቴ የያዘ እጅ ሁሉ አስቀድሞ ይጠይቅ።